በሳዑዲ ዓረቢያ የመንግሥት የቆዳ ሕክምና አገልግሎት ማግኘት፦ የቋንቋ ችግር ላለባቸው ዜጎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ከዋጃ፣ ከቆቦና ከሌሎች የራያ ቆላማ አካባቢዎች በርካታ ዜጎች ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ይሄዳሉ። አብዛኞቹ አማርኛ፣ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ሲሆኑ፣ ወደ ሕክምና ተቋም ሲቀርቡ የሚያገኙት ሐኪም ዓረብኛ ይናገራል። ነርሶቹም ብዙ ጊዜ ከፊሊፒንስና ከህንድ የመጡ ስለሆኑ ከዓረብኛ ቀጥሎ የሚያገለግላቸው እንግሊዝኛ ነው። በዚህ መካከል ሕመምተኛው ጣቱን ቀስሮ የታመመውን ቦታ ከማሳየት ያለፈ ነገር ሳይናገር የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ ይወጣል።

ሕመሙ የቆዳ ሲሆን «ይታያልና ቋንቋ አያስፈልገውም» የሚል ግምት አለ። ግምቱ ትክክል አይደለም። ሐኪሙ ሽፍታውን ያያል፤ ሽፍታው መቼ እንደ ጀመረ፣ በየት አገር ሳለ እንደ ወጣ፣ ምን እንደ ተቀባበትና የትኛው መድኃኒት ለሕመምተኛው እንደማይስማማው ግን በዓይን አይታይም። ይህ ማብራሪያ ዜጎች ይህን ክፍተት ከመነሳታቸው በፊት እና በሳዑዲ ዓረቢያ በሚቆዩበት ጊዜ እንዴት መሙላት እንደሚችሉ ያስረዳል።

ታሪኩ ሳይነገር ሲቀር ምን ስህተት ይፈጠራል?

ሦስት ምሳሌዎች ጉዳዩን ግልጽ ያደርጋሉ።

የመጀመሪያው ጭርት ነው። ጭርት በፈንገስ የሚመጣ ሲሆን በተገቢው ቅባት ይድናል። ሆኖም ብዙ ሰዎች ማሳከኩን ለማስታገስ ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ከፋርማሲ ገዝተው ይቀባሉ። ማሳከኩ ለጊዜው ይቀንሳል፤ ፈንገሱ ግን እየሰፋ ይሄዳል፣ የተለመደውን የቀለበት ቅርጹንም ያጣል። ሕመምተኛዋ ቀደም ሲል የተቀባችውን ካልተናገረች ሐኪሙ መልኩን ለቀየረው ጭርት ሌላ ስም ሊሰጠውና ተጨማሪ ስቴሮይድ ሊያዝ ይችላል።

ሁለተኛው ቁንጭር ነው። በአገራችን ደጋማ ቦታዎች የሚከሰተው ቁንጭር በአብዛኛው «ሌሽማኒያ ኢትዮፒካ» በሚባል ጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ ሲሆን፣ ከሽኮኮ ወደ ሰው የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያም ቁንጭር አለ፤ በተለይ የአል-አሕሳ አካባቢ በዚህ ይታወቃል። በዚያ አገር በሽታውን የሚያመጡት ግን «ሌሽማኒያ ሜጀር» እና «ሌሽማኒያ ትሮፒካ» የተባሉ ሌሎች ዓይነቶች ናቸው። ቁስሉ ከንክሻው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሚወጣ በኢትዮጵያ የተነከሰ ሰው ሕመሙን በሪያድ ወይም በጅዳ ሊያየው ይችላል። የሕክምናው ዓይነትና ርዝመት እንደ ተሕዋሱ ዓይነት ስለሚለያይ፣ «በቅርቡ ከወሎ ደጋ ነው የመጣሁት» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር የሕክምናውን ውሳኔ ሊለውጥ ይችላል።

ሦስተኛው ሥጋ ደዌ ነው። በሽታው ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ በአማካይ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ እጅግ የረዘመ ጊዜ ይወስዳል። ዋነኛ ምልክቱ ቀለሙ የደበዘዘና ሲነካ የማይሰማ የቆዳ ክፍል ነው። አይታመምም፣ አያሳክክም፤ በመሆኑም ለዓመታት ችላ ይባላል። ሕመምተኛው «ይህ ቦታ ደንዝዟል» ብሎ ካልተናገረ ሐኪሙ የስሜት ምርመራ ላያደርግለት ይችላል። ሥጋ ደዌ የሚድን በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መድኃኒቱ ለሕመምተኞች በነፃ እንዲደርስ ሲያደርግ ቆይቷል። ሕክምናው እንደ በሽታው ዓይነት ከ6 እስከ 12 ወር የሚወስድ ሲሆን፣ ሕመምተኛው መድኃኒቱን በጀመረ በአጭር ጊዜ ውስጥ ማስተላለፉን ያቆማል። ሳይታከም ከቆየ ግን ነርቭን ይጎዳል፤ የተጎዳ ነርቭ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም።

ከመነሳት በፊት፦ ሐኪም ለሐኪም የሚጽፈው ወረቀት

የኢትዮጵያ ሐኪሞች የሕክምና ማስረጃ የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ ሆስፒታሎችም የሕመምተኛ መዝገብ በአብዛኛው የሚያዘው በዚሁ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ሕመምተኛው ዓረብኛም እንግሊዝኛም ባይናገር ሁለቱ ሐኪሞች በጽሑፍ ሊግባቡ ይችላሉ። ከዋጃ የሚነሳ ሰው በኪሱ ሊይዘው የሚችለው ምርጡ አስተርጓሚ ከአገሩ ሐኪም የተጻፈለት አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

የቆየ የቆዳ ሕመም ያለበት ዜጋ የጉዞ ሂደቱን ከመጀመሩ በፊት በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ቢታይ ይመከራል። ከዚያ በላይ ምርመራ ሲያስፈልግ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይላካል። በወሎ የቆዳ ሕክምና በስፋት ከሚሰጥባቸው ተቋማት አንዱ በደሴ አቅራቢያ የሚገኘውና ቀድሞ በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ በ1958 ዓ.ም የተመሠረተው አለርት ለዚሁ አገልግሎት ይታወቃል።

ከሐኪሙ የሚወሰደው ወረቀት የሚከተሉትን ቢይዝ ይመረጣል፦

- ሙሉ ስም፣ በፓስፖርቱ ላይ በሰፈረው የላቲን ፊደል አጻጻፍ። አንድ ፊደል ሲለያይ መዝገቡ የሌላ ሰው ይመስላል።
- የበሽታው ስምና የጀመረበት ጊዜ።
- የተደረጉ ምርመራዎችና ውጤታቸው።
- የተወሰዱና በመወሰድ ላይ ያሉ መድኃኒቶች፣ በንግድ ስማቸው ሳይሆን በዋና መጠሪያቸው። የንግድ ስም ከአገር አገር ይለያያል።
- የማይስማማ መድኃኒት ወይም ምግብ።
- ሌሎች በሽታዎች፦ ስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ሕመም።

ቀኖች ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር መጻፋቸው መረጋገጥ አለበት። በመስከረም 2017 ዓ.ም የጀመረ ሽፍታ በዚያ አቆጣጠር የጀመረው በ2024 ነው። ወረቀቱ «2017» ብቻ ካለ የሳዑዲው ሐኪም የአንድ ዓመቱን ሕመም የስምንት ዓመት አድርጎ ሊወስደው ይችላል።

ከወረቀቱ ጋር ሕመሙ በበረታበት ቀን በቀን ብርሃን የተነሣ ፎቶግራፍ ቢያዝ ጠቃሚ ነው፤ ሽፍታ በቀጠሮው ዕለት ሊጠፋ ይችላልና። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቆጣት ቀልቶ ሳይሆን ጠቁሮ ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ሊታይ ስለሚችልም ፎቶግራፉ ያለ ማሳመሪያ መነሣት ይኖርበታል። ያለቀ የቅባት ቱቦና የመድኃኒት ካርቶንም መጣል የለበትም፤ ስሙ ከላዩ ይነበባል።

ለጉዞ የሚደረገው የጤና ምርመራ ለሥራ ብቁነት የሚደረግ እንጂ የቆዳ ሕክምና አይደለም። በምርመራው ዕለት ሽፍታን በቅባት ደብቆ ማለፍ ሕመሙን አያድነውም፤ ሕመሙ ሄዶ የሚገለጠው ዘመድና ቋንቋ በሌለበት አገር ነው።

በሳዑዲ ዓረቢያ የአገልግሎቱ ቅደም ተከተል

በመንግሥት ተቋማት የቆዳ ሐኪም ዘንድ በቀጥታ አይቀረብም። መጀመሪያ በሚኖሩበት ሰፈር ወዳለው ጤና ጣቢያ፣ በዓረብኛ «መርከዝ ሲሒ» ወደሚባለው ተቋም ይኬዳል። በዚያ ያለው ሐኪም አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው «ተሕዊል» የሚባለውን የሪፈር ወረቀት ይሰጣል። ቀጠሮው በዚሁ መሠረት በሆስፒታሉ የቆዳ ክፍል፣ ማለትም «ጂልዲያ» በሚባለው ክፍል ይያዛል።

ወደ ተቋሙ ሲኬድ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም «ኢቃማ»፣ የመድን ካርድ ካለ ካርዱ፣ እንዲሁም ከላይ የተገለጸው ወረቀት መያዝ አለበት። በግል ድርጅቶች ተቀጥረው የሚሠሩ ሰዎች አሠሪያቸው የጤና መድን ሊገባላቸው ስለሚገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚታከሙት መድኑ ውል በገባባቸው ተቋማት ነው። የቤት ሠራተኞችን በተመለከተ ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአራት በላይ የቤት ሠራተኞች ያሉት አሠሪ የጤና መድን እንዲገባላቸው ተደንግጓል። ከዚህ ውጭ ያሉት የቤት ሠራተኞች ሕክምናቸው በምን ዓይነት መንገድ እንደሚሸፈን በሥራ ውላቸው ውስጥ አስቀድመው ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

ስለ ቀጠሮ ሰዓት ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኢትዮጵያና ሳዑዲ ዓረቢያ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው፤ የአቆጣጠር ልማዳቸው ግን የስድስት ሰዓት ልዩነት አለው። በቀጠሮ ወረቀት ላይ የሰፈረ «9» የጠዋት ሰዓት ከሆነ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት መስሎት የሚሄድ ሰው የሚደርሰው ቀጠሮው ካለፈ ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። የሳምንቱ የዕረፍት ቀናትም ዓርብና ቅዳሜ ናቸው።

በምርመራ ክፍል ውስጥ፦ ማን ያስተርጉም?

ሕመምተኛው ከምዝገባ ጀምሮ አስተርጓሚ እንደሚፈልግ ቢያሳውቅ ይመረጣል። በተቋሙ አማርኛ የሚችል ሰው ባይኖር የሚያምኑት የአገር ልጅ በስልክ እንዲያስተረጉም ሐኪሙን ማስፈቀድ ይቻላል። ሴት ሕመምተኛ በሴት ሐኪም መታየት እንደምትፈልግ መጠየቅ ትችላለች።

አሠሪ ወይም የአሠሪ ቤተሰብ አብሮ ሲመጣ ጥንቃቄ ያሻል። ለእጅ መላላጥና መሰንጠቅ ከሚዳርጉ ነገሮች መካከል በረኪናና የዕቃ ማጠቢያ ኬሚካሎች ይገኙበታል፤ ሠራተኛዋ ግን አሠሪዋ ፊት ይህን ለመናገር ልታፍር ወይም ልትፈራ ትችላለች። ስለ እርግዝና፣ ስለ አባላዘር ሕመም ወይም ስለ ድብደባ ጠባሳ የሚነሳ ጥያቄም በአሠሪ አፍ ሊተረጎም አይገባውም። ሕመምተኛዋ ከሐኪሙ ጋር ብቻዋን መነጋገር እንደምትፈልግ በምልክትም ቢሆን ማሳወቅ ትችላለች። ሕፃናትን ለማስተርጎም መጠቀም አይመከርም።

በስልክ የሚገኙ የትርጉም መተግበሪያዎች ለአጭርና ግልጽ ዓረፍተ ነገር ያገለግላሉ። ለበሽታ ስም ግን አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ዋነኛው ምሳሌ «ለምጽ» የሚለው ቃል ነው። በዛሬው አነጋገር ለምጽ የቆዳ ቀለም መጥፋት ሲሆን አይተላለፍም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን ይኸው ቃል በሌሎች ቋንቋዎች ሥጋ ደዌ ተብሎ በተተረጎመው ቦታ ላይ ይገኛል። በመሆኑም «ለምጽ አለብኝ» ያለ ሰው ቃሉ «ጁዛም»፣ ማለትም ሥጋ ደዌ ተብሎ ሊተረጎምበት ይችላል። ሥጋ ደዌ ለባሕረ ሰላጤው አገሮች በሚደረገው የጤና ምርመራ ብቁ አያሰኙም ከሚባሉት በሽታዎች አንዱ በመሆኑ የአንዲት ቃል ስህተት ሥራን እስከ ማሳጣት የሚደርስ ጥርጣሬ ልታስነሳ ትችላለች። የለምጽ የዓረብኛ ስም «ቡሃቅ» ነው።

«ምች መታኝ» የሚለውን የመሰለ አባባልም በሌላ ቋንቋ አቻ የለውም። ስለዚህ የበሽታን ስም ከመናገር ይልቅ የሚታየውንና የሚሰማውን መናገር ይሻላል፦ «ከንፈሬ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል ወጣ፤ ያቃጥላል፤ ሦስት ቀኑ ነው።»

የሚከተሉት የዓረብኛ ቃላት ቢጠኑ ይጠቅማሉ፦

- ሐካ፦ ማሳከክ
- አለም፦ ሕመም
- ተንሚል፦ መደንዘዝ
- ሐሳሲያ፦ አለርጂ
- ሐሚል፦ ነፍሰ ጡር
- ዳዋ፦ መድኃኒት
- ሙተርጂም፦ አስተርጓሚ
- ጠቢባ፦ ሴት ሐኪም
- ማውዒድ፦ ቀጠሮ
- ማ አፍሀም፦ አልገባኝም

በቤት የተደረገ ሕክምናም መነገር አለበት። ቅቤ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የእንጨት ሥር ወይም ከገበያ የተገዛ የማቅያ ቅባት ተቀብቶ ከሆነ ሐኪሙ ይወቀው። ነጭ ሽንኩርት ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል፤ አንዳንድ የማቅያ ቅባቶች ሜርኩሪ ወይም ጠንካራ ስቴሮይድ ይይዛሉ። መናገሩ የሚያሳፍር አይደለም፤ ሳይነገር የቀረው ነገር ለሐኪሙ ሌላ በሽታ ሊመስለው ይችላል።

ከክፍሉ ከመውጣት በፊት

ሕመምተኛው የታዘዘለትን ነገር በራሱ አነጋገር ወይም በምልክት ደግሞ ለሐኪሙ ማሳየቱ ጠቃሚ ነው። በጣት እየቆጠሩ በቀን ስንት ጊዜ፣ ለስንት ቀን፣ በየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሆነ ማረጋገጥ ይቻላል። ፋርማሲስቱ በካርቶኑ ላይ የፀሐይና የጨረቃ ሥዕል እንዲያደርግ መጠየቅም የተለመደ ዘዴ ነው።

ለሁለት ጉዳዮች ልዩ ትኩረት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው እከክ ነው። በ2008 ዓ.ም ድርቅ ወቅት በአማራ ክልል በስፋት ተከስቶ ስለነበር የራያ ነዋሪዎች ያውቁታል። እከክ ከሰው ወደ ሰው በቆዳ ንክኪ ስለሚተላለፍ አንድ ሰው ብቻ ቢታከም ተመልሶ ይይዘዋል። ቅባቱ ከአንገት እስከ እግር ጣት በሐኪሙ ለተነገረው ሰዓት ይቀባል፤ እንደታዘዘውም ይደገማል። በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁሉ በአንድ ቀን መታከም አለባቸው፣ ልብስና አንሶላም በሙቅ ውኃ መታጠብ ይኖርበታል። የቤት ሠራተኛ ይህን ለአሠሪዋ መናገር ያስፈራት ይሆናል፤ ዝምታዋ ግን በሽታውን ከልጆቹ ወደ እሷ፣ ከእሷም ወደ ልጆቹ እንዲመላለስ ያደርገዋል። ሐኪሙ ለቤተሰቡ በጽሑፍ እንዲያሳውቅላት ብትጠይቅ ነገሩን ያቀልላታል።

ሁለተኛው እርግዝና ነው። ለጠና ብጉር የሚሰጠው ኢሶትሬቲኖይን በፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ያስከትላል። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልትሆን የምትችል ሴት «ሐሚል» የሚለውን ቃል ሳትናገር ከክፍሉ መውጣት የለባትም።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ ትኩሳት ከተነሳ፣ ቆዳ ከተላጠ ወይም ውኃ ከቋጠረ፣ ዓይን፣ አፍ ወይም የብልት አካባቢ ከቆሰለ መድኃኒቱን አቁሞ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። የፊትና የምላስ እብጠት ከመተንፈስ ችግር ጋር ሲታይ፣ ወይም የቆሰለ እግር በትኩሳት ታጅቦ በፍጥነት እያበጠ ሲሄድም እንዲሁ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ የአምቡላንስ ጥሪ ቁጥር 997 ነው። በእነዚህ ጊዜያት ቋንቋ አለመቻል ለመዘግየት ምክንያት መሆን የለበትም፤ የመድኃኒቱን ካርቶን ይዞ መቅረብ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

መብትና ቅሬታ

በሳዑዲ ዓረቢያ የቤት ሠራተኞችን የሚመለከተው ደንብ በሕክምና ማስረጃ የተደገፈ፣ ክፍያ ያለው የሕመም ፈቃድ በዓመት እስከ 30 ቀን ይፈቅዳል። በመሆኑም ሐኪሙ የሚሰጠው ማስረጃ መጠበቅ አለበት።

የሕክምና አገልግሎትን የሚመለከት ጥያቄ ወይም ቅሬታ በአገሩ ጤና ሚኒስቴር የ24 ሰዓት የስልክ መስመር 937 ይቀርባል። አሠሪው ሕክምና ከከለከለ ጉዳዩ የሥራ ጉዳይ ስለሚሆን በሥራ ቅሬታ መስመር 19911 ማመልከት ይቻላል። በቋንቋ ምክንያት ይህን ማድረግ ያልቻለ ዜጋ በሪያድ ከሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም በጅዳ ከሚገኘው ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ድጋፍ መጠየቅ ይችላል። የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ዜጋም ሕመሙን ደብቆ ከመቆየት ይልቅ ወደ እነዚሁ ጽሕፈት ቤቶች ቢቀርብ ይመከራል።

ወደ አገር ሲመለሱ

በሳዑዲ ዓረቢያ የተሰጠ የሕክምና ማስረጃ፣ የናሙና ምርመራ ውጤትና የመድኃኒት ዝርዝር ተሰብስቦ መምጣት አለበት። ወረቀቱ ሲሄድ እንደጠቀመ ሁሉ ሲመለስም ይጠቅማል፤ የቦሩ ሜዳ ወይም የአለርት ሐኪም ሕክምናውን ከተቋረጠበት ይቀጥለዋል። በአገር ውስጥ ያሉ ቤተሰቦችም በውጭ ያለ ዘመዳቸው በስልክ የቆዳ ሕመም ሲነግራቸው ስሙን ሰምተው ቅባት ከመላክ ይልቅ በስሙና በካርድ ቁጥሩ የተያዘው የቀድሞ የሕክምና መዝገብ ከታከመበት ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ተጠይቆ በፎቶግራፍ እንዲደርሰው ቢያግዙት የበለጠ ይጠቅሙታል።